በሶ የጠጣው ራዲያተር

ደባርቅ ውስጥ ራዲያተር ጠፋ የሚል ሰው ከእኔ በቀር አይገኝም። ከዛሪማ ተነስቶ ሊማሊሞን የወጣ የጭነት መኪና ሁሉ ከተማችን ሲደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል፣ ሾፌሩ ይራገማል፣ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። መንገድ ዳር ባሉት ጋራዦች አጥር ላይ አሮጌ ራዲያተር እንደ በግ ቆዳ ተዘርግቶ ይውላል። እዚህ መሀል ተቀምጬ ነው ለአንድ ኮምፒውተር የምትሆን አንዲት ራዲያተር ለመምረጥ አንድ ሙሉ ክረምት የፈጀሁት። ነገሩን ባስታወስኩ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣብኛል፣ ቀጥሎ እኔው ራሴ።

ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፤ በበጋ ደግሞ አስጎብኚዎች ከሳንቃ በርና ከጨነቅ ተራሮች ቀርጸው የሚያመጡትን ጭላዳ ዝንጀሮ ቆርጬ እቀጥላለሁ። ኮምፒውተሬን የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ አመሉ ግን መጥፎ። ከበድ ያለ ሥራ ሲሰጠው ይግልና ማራገቢያዎቹ ወፍጮ ቤት የገባን ያስመስላሉ። የተቀመጠው አባቴ ዜማ በሚያስተምሩበት ክፍል ጥግ ላይ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ለድምፅ መቅጃ ከዚያ የተሻለ ክፍል የለንም። አባቴን እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምላቸው። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ጾመ ድጓን ሳልጨርስ አቋርጬ ካሜራ አንጠልጥዬ መዞር የጀመርኩ ተማሪ።

ከፋሲካ በኋላ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸው ጀመርና ጎንደር ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ውስጡን አይቶ የበቀለ ነገር እንዳለ፣ ተቆርጦ መውጣት እንዳለበት፣ ቀጠሮውም ከመስቀል በኋላ እንደሚሆን ነገረን። ድምፃቸው እንደ ድሮው ይመለስ እንደሆነ ብጠይቀው «ቃል አልገባም» አለኝ። በመልሱ መንገድ አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። አውቶቡሱ ዳባት ላይ ሰው ለማውረድ ሲቆም ነው ወደ እኔ ዞር ያሉት።

«እንግዲህ ያን የአርያም ዜማ ቅዳልኝ» አሉኝ። «መምህሬ ይሉት እንደነበረው አድርጎ የሚለው ሰው ያለ እኔ አልቀረም። ድምፄ ሳይሄድ ይቀመጥልኝ።»

«እሺ የኔታ፣ ይኸማ ቀላል ነው» አልኳቸው። በእርግጥም ቀላል ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

በማግስቱ ቅዳሜ አባቴ ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጠምጥመው መጡና አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዤ ጀምሩ አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜሙት። አንድም ቦታ አልሳቱም፣ አንዴም አልሳሉም። ሲጨርሱ ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «ሆነልህ?» አሉኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ድምፃቸው አለ፤ ከሥሩ ግን የማራገቢያው እዬዬ አለ። ፊቴን አጨማደድኩ። ዝንብ የገባበት ወተት የቀረበልኝ ያህል ነው የተጠየፍኩት።

«ይኸ ለሙከራ ነው የኔታ። ደህናውን ሌላ ቀን እንቀዳዋለን።»

«ሙከራ ነበር እንዴ?» አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሥተው ወጡ። እኔም ወዲያው አጠፋሁት፤ በቦታው ላይም የአንድ የዳባት ሰው ሰርግ ጫንኩበት።

መፍትሔው ኮምፒውተሩን በውሃ ማቀዝቀዝ ነው ብዬ ተነሳሁ። ነገሩ ከመኪና ሞተር አይለይም። ፓምፕ ውሃውን በሚግለው ክፍል በኩል ያዞረዋል፣ የሞቀው ውሃ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል። ራዲያተሩ ሰፊ ከሆነ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ቢዞርም ይበቃል፤ ቀስ ካለ ደግሞ አይሰማም። ፓምፑን፣ የመዳቡን ማቀዝቀዣና ግልጽ ቱቦውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የቀረው ራዲያተር መምረጥ ብቻ ነበር።

ለምርጫው ኢንተርኔት ገባሁ፤ እዚያ የጠበቁኝ ሰዎች ገና ሳያቸው አስጠሉኝ። ኮምፒውተራቸውን በቀይና በሐምራዊ መብራት እንደ መጠጥ ቤት አስጊጠው በሁለት ዲግሪ ልዩነት ይሰዳደባሉ። በራዲያተሩ ላይ የሚደረደሩት ስስ ክንፎች የተጠጋጉ ቢሆኑ ይሻላል ይላል አንዱ፤ የለም፣ የተራራቁ ይሻላል ይላል ሌላው። ወፍራም ይሁን፤ አይ፣ ስስና ረጅም ይሁን። እየተጠየፍኳቸው ሁሉንም አነበብኩ። ከመካከላቸው ሦስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ትንሽ በቀረው ከፍታ ላይ የሚኖር አንድም አልነበረም። የእኛ አየር ብርድ ነው፣ ግን ስስ ነው። ማራገቢያ ቢገፋውም ይዞት የሚሄደው ሙቀት ትንሽ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ መዳብ፣ ሰፊ፣ ክንፎቹም የተራራቁ መሆን አለባቸው ብዬ ወሰንኩ። ይህን ለመወሰን ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ በእስክሪብቶ አስምሬ፣ ሰኔን ጨረስኩ።

አባቴ በየሳምንቱ «ደረሰ?» ይሉኛል። «ምርጫ ላይ ነኝ» እላቸዋለሁ።

«ሚስት ብትመርጥ እኮ እስካሁን ልጅ ታቅፍ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። ተሳስቀን አለፍነው። ሲስቁ ድምፃቸው መሀል ላይ እንደ መሰንጠቅ ብሎ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ።

በሐምሌ የመጀመሪያው ራዲያተር ከአዲስ አበባ መጣ። ሻጩ ንጹህ መዳብ ነው ብሎ በስልክ ምሎ ተገዝቶልኝ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት የብረት አልጋ ሥር ከትቶት ኖሮ ክንፎቹ ንፋስ እንደጣለው ገብስ ተጋድመው ደረሰኝ። በቢላ ጫፍ ብጭረው ከጥቁሩ ቀለም ሥር ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ስደውልለት «ያው ነው፣ ሁለቱም ብረት ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በማግስቱ ስልኬን አላነሳም። ለውሸቱ ሳይሆን ውሸቱን ለማሳመር እንኳ አለመድከሙ ነው የቀፈፈኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ጋራዥ የሄድኩት። መካኒኩ ዕድሜውን ሙሉ ሊማሊሞ ያቃጠላቸውን መኪኖች ሲጠግን የኖረ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰውዬ ነው። ሁለት የሚሆኑ አሳየኝ፤ ሁለቱም ለሾፌሩ ክፍል ሙቀት ከሚሰጡት ከትንንሾቹ ራዲያተሮች ናቸው። አንዱ አስቀያሚ ነው፤ ጥቁር፣ ጎኑ የገባ፣ ሦስት ቦታ በቀለጠ ስታኞ የተለሰነ። ሌላኛው የታጠበ ሳህን ይመስላል። መዳብ ነው፣ ክንፎቹም ልክ በሠንጠረዤ ላይ እንዳሰፈርኩት የተራራቁ ናቸው።

«ለምንህ ነው?» አለኝ።

«ለኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተርም ሊማሊሞን ይወጣ ጀመር?»

የአባቴን ጉሮሮ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ፣ የማራገቢያውን ጩኸት ነገርኩት። እጁን በጨርቅ መጥረጉን ትቶ ሰማኝ።

«ታዲያ አጥፍተህ በስልክህ አትቀዳቸውም? የየኔታ ድምፅ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ስልክ ለዝንጀሮ ነው ጋሼ» አልኩት። «እንዲህ ያለ ዜማ በስልክ አይቀዳም።»

«አየ! በል እንጅ» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲያው ይኸን አስቀያሚውን ውሰድ። እኔው ነኝ ያጠብኩት፣ እኔው ነኝ የለሰንኩት፤ ገመናውን አውቀዋለሁ። ያኛው ግን ከማን እንደመጣ አላውቅም። ሾፌር ራዲያተሩን ያጠጣውን እሱና እግዜር ናቸው የሚያውቁት።»

ስለ ክንፎች መራራቅና ስለ ስስ አየር አስረዳሁት። እሱ ደግሞ ሾፌር ዋጋ ሲከራከረው እንደሚያደርገው ወደ ሰማይ እያየ አስጨረሰኝ። ሳህን የመሰለውን ይዤ ሄድኩ።

ግቢያችን ውስጥ አቼቶ ሞላሁበት፣ ጫፍና ጫፉን ደፍኜ እንደ ወተት ናጥኩት። ስከፍተው የወጣውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ቡናማ ነው፣ ይዝለገለጋል፣ መሀሉ ላይ ጓጓላ አለበት። የጎረቤት ውሻ መጥቶ አሸተተውና ጭራውን ወትፎ ተመለሰ። አፍንጫዬን በክንዴ ይዤ ደገምኩት፣ ሠለስኩት፤ የፈላ ውሃ ለቀቅሁበት። በስተመጨረሻ ጥርት ያለ ውሃ ሲወጣ ጸዳ ብዬ ከነዳጅ ማደያው የባትሪ ውሃ ገዝቼ ሞላሁና ገጠምኩት።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። የማብሪያው ቁልፍ ባይበራ ኖሮ አልተነሳም እል ነበር። ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ ለጥፌ እንኳ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። በዚያ ክረምት ራሴን የወደድኩት ያን ቀን ብቻ ነበር። ለአባቴ ልንገራቸው ብዬ ብወጣ ግን ፍልሰታ ገብቷል፤ እሳቸውም አጎዛቸውን ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን ለሱባኤ ገብተዋል። ሁለት ሳምንት ምን አላት ብዬ ወደ ተጠራቀመ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሁለቱንም ሳምንት ውሃው ለብ እያለ ሲዞር ከረመ። ግልጹ ቱቦ መጀመሪያ ጠጅ መሰለ፣ ቀጥሎ ጠላ መሰለ፣ ከዚያ አተላ። መዳቡ ቀለም እየሰጠ ነው ብዬ አለፍኩት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽታ ነበር። አይጥ ሞታለች ብዬ መደቡን ገለበጥኩ፣ የመጻሕፍቱን ሣጥን አነሳሁ፤ አይጥ የለችም። ቀስ እያለ የመጣ ሽታ አብሮት ለሚኖር አፍንጫ አይታወቅም። መስኮቱንም ዝናብ እንዳይገባ ዘግቼው ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት አባቴ መጡ። በጾሙ ጉንጫቸው ገብቶ፣ ዓይናቸው ጠርቶ ነበር። ድምፃቸው ከሱባኤው ማኅሌት ቢደክምም ገና ነበረ፤ ደስ ብሏቸው «ዛሬስ ሙከራ አይደለም?» አሉኝ። አይደለም የኔታ፣ ዛሬ ዋናው ነው አልኳቸው። አጎዛቸውን ማይክሮፎኑ ፊት ዘረጉ፣ ተቀመጡ። መቅጃውን ለቀቅሁት። አባቴ ለማዜም አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«እግዚኦ! ምንድን ነው የሚሸተው? ምን አግምተህ ነው ያስቀመጥክ? አውጣልኝ ይኸን ነገር ከፊቴ!»

መቅጃውን አቆምኩ። ከኮምፒውተሩ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጎንበስ ብዬ ባየው ቱቦው አብጧል። ላስተንፍሰው ብዬ የውሃ መሙያውን ክዳን ገና ስነካው ፈነዳ። የወጣውን ነገር እንዳየሁት ልጻፈው፤ የቦካ፣ የበሰበሰ፣ አረፋ የደፈቀ፣ እንደ ንፍጥ የሚጎተት ነገር ነው። እጄ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አጎዛው ላይ፣ የአባቴ ነጭ ነጠላና ጢም ላይ ተረጨ። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። አባቴን አስመለሳቸው። በጾም የደረቀ ሆዳቸው የሚያወጣው ስላልነበረው ደጋግሞ አጣጣራቸው፤ ስደግፋቸው በእኔ እጅ ላይ ያለውን እያዩ እንደገና ይብስባቸዋል። እጄን ከእሳቸው የት እንደምሸሽግ ግራ እስኪገባኝ ድረስ ገማሁ።

ግድግዳውን ስፍቅ ዋልኩ። አጎዛው አልለቅ ስላለ ቀበርኩት። ራዲያተሩን በማዳበሪያ ጠቅልዬ መካኒኩ ጋ ወሰድኩት። በጣቱ ነክቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋና ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ።

«በሶ ነው» አለ። «ሊማሊሞ መሀል ራዲያተር ሲያፈስ ሾፌሩ ምን ያድርግ? ስንቁን በሶ ይጨምርበታል። ውሃ ሲያገኘው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ደባርቅ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ከውሃው ጋር እስከ ትንሿ ራዲያተር ዞሮ በየጥጉ ተጋግሮ ይቀራል እንጅ በአቼቶ አይለቅም። አንተ ደግሞ ለብ እያደረግህ አቦካኸው።»

የሚያሳፍረው ይህን ማወቄ ነው። እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ ሾፌሮች የበሶ ከረጢታቸውን ራዲያተር ላይ ሲያራግፉ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። በሠንጠረዤ ላይ ግን የክንፍ መራራቅ፣ ውፍረት፣ ከፍታ እንጂ ለበሶ የሚሆን መስመር አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቴ ድምፅ ጎረነነ። በሦስተኛው ቀን ሻከረ፤ በሳምንቱ ሲናገሩ እስትንፋሳቸው ብቻ ይወጣ ጀመር። የዚያን ጊዜ ስልኬን አወጣሁ። «እስቲ የቻሉትን ያህል የኔታ» ብላቸው ሁለት ጊዜ ሞከሩና እጃቸውን አወዛወዙ። ለመተንፈስም ሲያስቸግራቸው ጎንደር ይዣቸው ወረድኩ፤ ሐኪሞቹ ቀጠሮውን አልጠበቁም፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት ቆርጠው አወጡት። ማስመለሱ ነው ወይ ያባባሰው ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። በዚያ አይደለም፣ ሕመሙ ራሱ ነው አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ አላመንኩትም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከሌላ ሻጭ ያዘዝኩት ደህናው ራዲያተር መጣ። መዳብ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ክንፎቹ የተራራቁ ናቸው። ኮምፒውተሩን አጽድቼና አድርቄ አስነሥቼው ስለነበር ገጠምኩት። አይግልም፣ አይሸትም፣ አይሰማም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር ጠፋ፤ ተማሪዎቹም ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ገቡና በአዲሱ አጎዛ ላይ ተቀመጡ። አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት አለብኝ።

«የቀዳኸውን አሰማኝ» አሉኝ።

ፋይሎቹን ከፈትኩ። የመጀመሪያው አርያም የነበረበት ቦታ ሙሽሪት ኬክ ስትቆርስ ይታያል። የእሳቸው ድምፅ ያለበት አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ልዋሻቸው አሰብኩ፤ ተበላሽቷል ልበል፣ መብራት ሄዶ ጠፋ ልበል። አልቻልኩም። ከፈትኩት።

ቅጂው ከዚህ በፊት ከቀዳሁት ሁሉ የጠራ ነው። ከኋላው አንዳች ጩኸት የለም። አየር ሲስቡ ይሰማል፣ ነጠላቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ከዚያ ያ ወፍራም፣ ያ ጎላ ያለ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። «እግዚኦ! ምንድን ነው የሚሸተው? ምን አግምተህ ነው ያስቀመጥክ? አውጣልኝ ይኸን ነገር ከፊቴ!»

አለቀ።

«ሌላ የለም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የለም፣ የኔታ።»

ጣታቸውን በሻርፑ ላይ አድርገው ጉሮሯቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«እንግዲያው እሱኑ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።